61.6 በመቶ የማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ባወጣችሁት ዘገባ «61.6 በመቶ የአውስትራሊያ ሕዝብ ደግፏል» ብላችኋል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ «ሕዝብ» የሚለው ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተካሄደው ሪፈረንደም አልነበረም፤ የስታቲስቲክስ ቢሮው በፖስታ ያሰራጨው፣ የፈለገ ሞልቶ የሚመልሰው መጠይቅ ነው። ቅጹ ከሚመለከታቸው 16,006,180 መራጮች 12,727,920 መለሱ። ምልክታቸው ያልለየ 36,686 ቅጾች ወጥተው ከቀረው «አዎ» ያለው 7,817,247 ነው፤ 61.6 የሚመጣው ከዚህ ነው። ይኸው ቁጥር ለመራጩ ሁሉ ሲካፈል 48.8 በመቶ ይሆናል። ያልመለሰ ሁሉ ተቃዋሚ ነው አይባልም፤ ደጋፊ ነው ማለትም አይቻልም።

የባሰው ግን ጥያቄውን መለወጥ ነው። «97 በመቶ ኢትዮጵያዊ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ይቃወማል» ሲባል እንሰማለን። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 የጠየቀው ኅብረተሰቡ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ሊቀበል ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበር፤ ጋብቻ አልተነሣም። ስለ ጋብቻ ቢጠየቅ ውጤቱ ይለይ ነበር እያልኩ አይደለም። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ አይታተምም ነው የምለው። ደግሞም ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በሚያስቀጣበት አገር፣ ለማያውቁት ጠያቂ የሚሰጥ መልስ ጥንቃቄ አያጣውም።

የአሜሪካው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት ጋሉፕ የሚጠይቀው ደግሞ ሕጉ ለእነዚህ ጋብቻዎች እንደ ሌላው ጋብቻ እኩል መብት ሰጥቶ ሊያውቃቸው ይገባል ወይ ብሎ ነው። ይህን «ትደግፋለህ ወይ?» ብላችሁ ስትተረጉሙት ሕጉና ሃይማኖቱ ይደበላለቃሉ፤ እምነቱ የማይፈቅደውን ነገር መንግሥት እንዲከለክል የማይፈልግ ሰው ሞልቷል። ግንኙነቱ ከሞራል አንጻር ተቀባይነት አለው ወይ የሚለውንማ ጋሉፕ ለብቻው ነው የሚጠይቀው።

ድጋፉ በ2023 ከነበረበት 71 በ2025 ወደ 68 በመቶ ዝቅ ማለቱንም «አሽቆለቆለ» ብላችሁታል። የሚጠየቀው ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ነው፤ የስሕተት ክልሉ፣ ማለትም ውጤቱ ከሕዝቡ እውነተኛ አስተያየት ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ 4 ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስለሆነ 3 ነጥብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዜናው ያለው ውስጡ ነበር፦ የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊዎች በ2022 ከነበሩበት 55 በመቶ ወደ 41 ወርደዋል። በቡድን ሲከፈል የስሕተት ክልሉ ይሰፋል፤ 14 ነጥብ ግን በዚያ አይሸፈንም።

ወደፊት የጥያቄውን ሙሉ ቃልና የመላሾቹን ብዛት ከቁጥሩ ሥር አስገቡልን። ቦታ ከጠበባችሁ ፎቶውን አሳንሱት።

አንባቢያችሁ