ለመሸጥ የምናፍርበትን መኪና አንለግስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አሮጌ መኪናን ከመሸጥ መለገስ ይሻላል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይሁንና መሸጥ ለኪስ፣ መለገስ ለነፍስ ነው ብለው ነገሩን በሁለት ከፍለው መደምደማቸው አልተዋጠልኝም። ብዙ ዘመን የኖርኩት በተቀባይ ወገን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና አስተምር ነበር። ሰዎች የለገሱት መኪና ወደ ግቢያችን ሲገባ ቁልፉን የምቀበለውም ፈርሜ የምረከበውም እኔ ነበርኩ። ለጋሹ ተመርቆ ከሄደ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው ሰው ነገሩ ሌላ መልክ እንዳለው ያውቃል።

የተለገሰ መኪና ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የተሰጠው ሰው ወይም ድርጅት የቸገረውን ይገዛበታል። መኪና የተሰጠው ግን በማግስቱ ነዳጅ መሙላት፣ ኢንሹራንስ መግባት፣ ዘይት መለወጥ፣ ዓመታዊ ምርመራ ማሳለፍ አለበት። ይህን ሁሉ የሚችል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስጦታውም ባላስፈለገው ነበር። አቅም ለሌለው ሰው አሮጌ መኪና መስጠት ግጦሽ ለሌለው ሰው ላም እንደ መስጠት ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሚኒባስ ተለግሶት ነበር። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ማርሽ የሚቀየርበት ካምቢዮው ግን መለዋወጫው በቀላሉ ከማይገኝ ሞዴል ነው። ጥቂት ጊዜ እንደ ሠራ ቆመ። የመጦሪያው ኃላፊ ተማሪዎቼ እንዲጠግኑላቸው ሊለምኑኝ መጡ። አብረን ሄደን አየነው፤ ዕቃው ካልተገኘ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነገርኳቸው። «እንግዲያው ለምን አትሸጡትም?» ስላቸው ወደ መኪናው ጎን ወሰዱኝ። የለጋሹ ስም በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። ለጋሹ በየበዓሉ ይጎበኟቸዋል፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ መኪናው ነው። ስለዚህ መጦሪያው ለአረጋውያኑ መድኃኒት ሊገዛበት ከሚችለው ገንዘብ ላይ እየቀነሰ የቆመ መኪና ኢንሹራንስ ይከፍል ነበር። ለጋሹ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሚኒባሱን በራሳቸው እጅ ሸጠው ገንዘቡን ቢሰጡ ግን እሳቸውም ይመሰገኑ ነበር፣ መጦሪያውም ይጠቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ልሽጠው ወይስ ልለግሰው?» ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው ሁሉ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። ይህን መኪና ለማያውቁት ሰው፣ ጉድለቱን አንድ በአንድ ነግረው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ሊሸጡለት ይደፍራሉ? ከደፈሩ መለገሱም መሸጡም የእርስዎ ምርጫ ነው። ካልደፈሩ ግን በነፃ መሆኑ ፍሬኑን አይጠግነውም። ገዢ ቢያንስ መካኒክ ይዞ ይመጣል፣ ይከራከራል፣ ካልጣመው ትቶ ይሄዳል። ስጦታ የተቀበለ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፤ «ጎማው አርጅቷል» ቢል ምስጋና ቢስ ይባላል።

ስለ ጎማ ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደኅና ይመስላል፤ ጎማ ግን በመቆምም ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ያለው የምርት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2314 የሚል ካነበባችሁ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ እንዳይነዳበት ራሳቸው አምራቾቹ ይመክራሉ። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው። ከአየር እርጥበት እየሳበ ይከርማል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል የገባው ውሃ ይፈላና ፔዳሉ ያለ ምንም ኃይል ወደ ታች ይሰምጣል። ታይሚንግ ቤልት የሚባለው የሞተሩ ቀበቶ በጊዜው ካልተለወጠ አንድ ቀን ይበጠስና በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሦስቱም እንዲሁ ላየ ሰው አይታዩም። ከጎማው ቁጥር በቀር የሚያውቃቸው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ ያውም የጥገና ደብተር የሚይዝ ከሆነ።

በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ተሳፋሪውን የሚከላከለው ከረጢት፣ ኤርባግም አለ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት መንፊያቸው ተበላሽቶ፣ በግጭት ጊዜ የብረት ስባሪ እየረጩ ሰው በመግደላቸው በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። መኪናው ጥሪ የወጣበት መሆን አለመሆኑን ከቻንሲው ቁጥር ማወቅ ይቻላል፤ ቁጥሩ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፣ አብዛኞቹ አምራቾችም በድረ ገጻቸው ላይ ያጣሩበታል። ሻጭም ሆነ ለጋሽ ይህን ለማየት የሚወስድበት ጊዜ መኪናውን ከማጠብ ያነሰ ነው። መኪናውን ግን ሁሉም ያጥቡታል።

ጸሐፊው ለጋሽ ከግብር ላይ የሚቀነስለት ነገር እንዳለ በመጥቀስ አሜሪካንን በምሳሌነት አንሥተዋል። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግማሹ ግን ቀርቷል። እዚያ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 2004 መጨረሻ ድረስ ለጋሹ የመኪናውን ዋጋ ራሱ ገምቶ ያን ያህል ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ያስቀንስ ነበር። የምክር ቤታቸው የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት 54 መኪናዎችን ተከታትሎ ሲያይ፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ በሚያህሉት ላይ በጎ አድራጊው ድርጅት ያገኘው ገንዘብ ለጋሹ ካስመዘገበው ግምት 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ከፊሉን ጎትቶ የሚወስደው፣ ማስታወቂያ የሚያስነግረውና የሚያጫርተው ደላላ ወስዶታል፤ ከፊሉ ደግሞ ከመጀመሪያው በለጋሹ ሐሳብ ውስጥ ብቻ የነበረ ዋጋ ነው። ከ2005 ጀምሮ ሕጉ ጠበቀ። ተቀናሹ ከ500 ዶላር በላይ ከሆነና ድርጅቱ መኪናውን ሳይጠቀምበት ከሸጠው፣ ለጋሹ ሊጠይቅ የሚችለው መኪናው የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ሆነ። ድርጅቱ ራሱ ለሥራው በሚገባ ከተጠቀመበት፣ ከባድ ጥገና ካደረገለት፣ ወይም ለችግረኛ በነፃም ሆነ ከገበያ በታች ካስተላለፈው ግን የገበያው ግምት ይያዝለታል። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች የግብር ጉዳይ አስጨንቋቸው ነው፤ እኔ ግን እንደ መምህር ሳነበው ስለ ልግስና የተጻፈ ይመስለኛል። መኪናው እንደ መኪና የሚያገለግል ከሆነ ስጦታው መኪና ነው፣ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ስጦታው የሽያጩ ገንዘብ ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር። አሮጌ መኪና ከእኛ እጅ ስለ ወጣ ከመንገድ አይወጣም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጥናት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአገር ወደ አገር ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ፣ 40 በመቶው፣ የሄደው ወደ አፍሪካ ነው። መኪና እያረጀ በሄደ ቁጥር ለመጠገን አቅሙ ወደሚያንሰው ሰው እጅ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሻጩም ለጋሹም አያዩትም።

ታዲያ መኪና ጨርሶ አይለገስ ማለቴ ነው? አይደለም። ሲያምርበትም አይቻለሁ። አንዲት ጎረቤታችን መንዳት ሲያቆሙ መኪናቸውን በየቤቱ እየዞረ ሕሙማን ለሚረዳ ወጣት ነርስ ሰጡት። ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ሥራውም መኪና ይጠይቃል፤ ደመወዙ ነዳጅና ጥገና ይችላል፤ የሌለው መግዣው ብቻ ነበር። እሳቸው ከመስጠታቸው በፊት አራቱንም ጎማና የፍሬን ሸራውን አስለወጡ፤ ሁለተኛውን ቁልፍና የጥገና ደብተሩን በፖስታ አድርገው አስረከቡት፤ አብረውት ሄደው ስም አዛወሩለት። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን በመጨረሻ የነገሩት ቃል ነው፤ «ካልተመቸህ ሽጠው፣ አልቀየምህም» አሉት። ያ መጦሪያ ይህን ቃል ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ አይበሰብስም ነበር። መሸጥ የማይፈቀድበት ስጦታ በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ነው።

የማይሄድ መኪናም ቦታ አለው፤ ይህን ጸሐፊው አላነሱትም። እኛ ማሠልጠኛ ከገቡት ስጦታዎች ሁሉ የበለጠ ያስተማረው በጎኑ ተገጭቶ መንገድ ላይ መውጣት የማይችል መኪና ነበር። ሞተሩና ካምቢዮው አልተነኩም። ተማሪዎች ፈቱት፣ ገጠሙት፣ ደግሞ ፈቱት፤ የሚመጣ ባለንብረት የለ፣ የሚቸኩል ደንበኛ የለ። በአንጻሩ አንዳንዱ ለጋሽ ባትሪውን፣ ራዲዮውንና ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ነቅሎ፣ የጭስ ማጣሪያውን ሳይቀር አስፈትቶ ቀፎውን ይልክልናል። ማጣሪያው ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉ ለብቻው ገዢ አለው። ሽጦ ይብላው፣ ንብረቱ ነው፤ ነገር ግን ከማስረከቡ በፊት ምን እንደጎደለ ይናገር። አንዱ ደግሞ ሊብሬውን ሳይሰጠን ጠፋ። የባለቤትነት ወረቀት የሌለውን መኪና እንኳን መሸጥ ይቅርና ፈትቶ መጣልም ያስጠይቃል። ለጋሹንም ቢሆን አይጠቅመውም፤ ስሙ እስካልተዛወረ ድረስ ቅጣቱም የአደጋው ጣጣም ዞሮ ዞሮ ወደ እሱ ነው። ቁልፍ ማቀበል ርክክብ አይደለም።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ስልክ ተደውሎ «እንዲህ ያለ መኪና አለኝ፣ ይጠቅማችኋል?» የተባልነው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው ሰው «መቼ ላምጣው?» ነው የሚለው። የምትጠይቁት ድርጅት መኪናውን ራሱ ይጠቀምበት ወይስ ይሸጠው እንደሆነ ለመናገር ካመነታ፣ ይሸጠዋል ማለት ነው። ያ ከሆነ ደግሞ እናንተ ጊዜ ወስዳችሁ በደኅና ዋጋ ብትሸጡትና ገንዘቡን ብትሰጡት ድርጅቱ ከደላላና ከመጎተቻ ወጪ ይድናል። ለመሸጥ ጊዜውም ጉልበቱም የሌለው ሰው መኪናውን እንዳለ ይስጥ፤ ነውር የለበትም። ብቻ የሰጠው ምን ያህል እንደሆነ አይገምት።

ከመሸጥም ከመለገስም የከፋው ግን ሳይወስኑ ማቆየት ነው። «እስቲ ይቆይ» የተባለ መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ነዳጁ ይበላሻል፣ ጎማው በቆመበት በኩል ቅርጹን ያጣል፣ አይጥ ገመዱን ይበላል። በዓመቱ የሚሸጥም የሚለገስም ነገር አይቀርም። ልጆች ካባታቸው በወረሱት መኪና ላይ ሳይስማሙ መኪናው እዚያው ሲያልቅ ማየት የሙያዬ አንዱ ክፍል ነበር ማለት እችላለሁ።

የራሴን ልናገርና ልጨርስ፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ያነበብኩት እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ ቤቴ ውስጥ ክርክር ይዤ ሳለ ነው። ያረጀች ኮሮላ አለችኝ። ልጄ ላስተማርኩበት ማሠልጠኛ እንድሰጣት ትፈልጋለች። ባለቤቴ ደግሞ «የሚሄድ መኪና ለምን ይፈታል?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ማሠልጠኛው ደውዬ ስጠይቅ የዚህ ዓይነት አሮጌ ሞተር ሞልቶናል፣ ያጣነው የአዳዲሶቹን መኪናዎች ኮምፒውተር የሚያነብ የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያ ነው አሉኝ። ስለዚህ ኮሮላዋ ትሸጣለች፣ ከሽያጩም መሣሪያው ይገዛል። ጉድለቷን በአንድ ገጽ ጽፌያለሁ፦ የኋላ ቀኝ አሞርዛተር ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፍሪሲዮኑ ብዙ አይቆይም፣ የሹፌሩ መስኮት ሲወጣ ያዘግማል፣ ጎማዎቹ ግን አዲስ ናቸው። ልትገዛት የምትፈልግ አንዲት ወጣት ወረቀቱን አንብባ ቅዳሜ የራሷን መካኒክ ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። ስለ ዋጋ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመኪና ጥገና መምህር