የሴፍቲኔት ውጤት የሚለካው ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ ቤተሰቦች በአብዛኛው በሥራ ምትክ ገንዘብ ወይም እህል ስለሚሰጠው ፕሮግራም፣ በሚወጡ ዘገባዎች «ተጠቃሚው ድሮ በዓመት ይህን ያህል ወር ምግብ ያጥረው ነበር፣ ዛሬ ቀንሷል» የሚል ነገር ይደጋገማል። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ለውጡን ያመጣው ፕሮግራሙ ነው ለማለት ግን አይበቃም።

ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በገጠር ተጠቃሚ የተለየው በዕጣ ሳይሆን በማኅበረሰብ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ደግሞ ዝናብ በቀረበት ዓመት በሬውን የሸጠውን ያስቀድማል፤ ተገቢም ነው። ይህ ቤተሰብ ክረምቱ ሲሰምር አንድ ብር ሳይቀበልም ጥቂት ያገግማል። በፊትና በኋላን ብቻ ያየ ገምጋሚ ማገገሙን ለፕሮግራሙ ያስመዘግባል።

ስለዚህ ያልገቡ ተመሳሳይ ቤተሰቦችም በዚያው ወር፣ በዚያው መጠይቅ ይጠየቁ። ለምሳሌ የተጠቃሚዎቹ የምግብ እጥረት ከ3 ወር ወደ 2፣ የሌሎቹ ከ2.5 ወደ 1.9 ቢወርድ፣ የፕሮግራሙ ድርሻ 0.4 ወር ወይም 12 ቀን ገደማ ነው። ይህም የሚያስኬደው የሁለቱ ወገኖች ኑሮ ከፕሮግራሙ በፊት በተመሳሳይ መጠን ይለዋወጥ ከነበረ ነው፤ ያንን ለማየት ከፕሮግራሙ የቀደሙ ቢያንስ ሁለት የመጠይቅ ዙሮች ያስፈልጋሉ። ወሩን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም፤ «ባለፈው ሳምንት ምን በላችሁ?» ተብሎ በነሐሴ ተጠይቆ በኅዳር ቢደገም፣ የሚለካው አዝመራው ነው።

የናሙናውም ነገር አለ። ከ4 ቀበሌ የተወሰዱ 1,000 ቤተሰቦች ያንኑ ዝናብና ያንኑ ገበያ ስለሚጋሩ ብዛታቸው ያታልላል። ከ40 ቀበሌ 25፣ 25 ቢወሰድ ወጪው ይጨምራል፣ ውጤቱ ግን ይታመናል።

ተጠቃሚን በዕጣ መለየት የሚነጻጸሩትን ወገኖች ከመነሻው ተመሳሳይ ቢያደርግም ሁሉን አይፈታም። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ተለይተዋል፤ ለገምጋሚ ትልቅ ዕድል ነበር። ሆኖም ተጠቃሚዎች በፕሮግራሙ ሥራ ሲያዙ ለግል ቀጣሪ የሚቀርበው ጉልበት አነሰ፣ ክፍያውም ከፍ አለ። ሰው ወረዳ ተሻግሮ ስለሚሠራ ጭማሪው ዕጣ ያልወጣላቸው ወረዳዎች ድረስ ዘለቀ። ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ወረዳዎች ዝም ብሎ ያነጻጸረ ሰው ውጤቱን ያሳንሰዋል፤ አጥኚዎቹ ሰው ከየት ወዴት ለሥራ እንደሚሄድ ማስላት የነበረባቸው ለዚህ ነው።

ዘጋቢዎቻችሁ የግምገማ ሪፖርት ሲደርሳቸው፣ በመጀመሪያው ዙር ከተጠየቁት ቤተሰቦች በመጨረሻው ስንቱ እንደተገኘ ይጠይቁልን። የባሰበት ቤቱን ዘግቶ ከተሰደደ፣ አማካዩ ማንም ሳይረዳው ይሻሻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ