የዶክተራችን ወንበር ባዶ እንዳይቀር

የፍኖተ ሰላሙ የጥርስ ሐኪማችን ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ክሊኒካቸው እንደተዘጋ አለ። በዚያ በኩል ሳልፍ አሁንም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸተኛል። እዚያ የታከማችሁ ሁሉ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ጥርስ ውስጥ ለጊዜው የሚያደርጉት መሙያ በቅርንፉድ ዘይት የሚለወስ ነጭ ዱቄት ነበር።

እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ዶክተርን የማውቃቸው ከሁሉ በላይ በመስከረሙ ዙራቸው ነው።

በየዓመቱ መስቀል አልፎ ትምህርቱ መልክ ሲይዝ፣ ባትሪያቸውን ይዘው ክፍሌ ይመጡ ነበር። ልጆቹን መስኮቱ ሥር አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ። የሚፈልጉት አንድ ጥርስ ነው። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይበቅላል። ቦታ ሊለቅለት የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ማንም ልብ አይለውም። ቢነቅዝም «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቅና ይተካል» እንላለን። አይተካም። ሰውየው እስኪያረጅ አብሮት የሚኖር ጥርስ ነው። ላዩ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ምግብ ይይዛል። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጣፋጩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ደግሞ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። ትል በላው የምንለው ይኸው ነው።

የገዛ ልጄን ጥርስ ያዩልኝ እሳቸው ናቸው። መምህር ነኝ፣ ግን አላውቅም ነበር። በጣም አፈርኩ። እሳቸው ምንም አላሉኝም። እጄን አስታጠቡኝና በጣቴ አስነኩኝ፤ በማግስቱ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ያ የተሞላ ጥርስ ዛሬም አፏ ውስጥ አለ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

ከእሳቸው በፊት አብዛኞቻችን የምናውቀው ሕክምና መንቀል ብቻ ነበር። ሲያመን አረቄ እንይዝበታለን፣ ቅርንፉድ እንነክስበታለን፤ ጉንጭ ሲያብጥ ደግሞ ጉጠት ነው። በገበያ ቀን ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት ጉንጩን በነጠላ አስሮ የሚመጣው ሰው «ንቀሉልኝና ልግባ» ነበር የሚለው። ዶክተር ግን መጀመሪያ ያያሉ። ጥርሱ የሚድን ከሆነ ይከራከራሉ። ማዳን ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል። ለገበሬ ደግሞ መመላለስ ከባድ ነው፤ የሚቆጣም ነበር። ስለዚህ ቀጠሮውን በገበያ ቀን ያደርጉለታል። እህሉን ሸጦ፣ ጥርሱን ታክሞ ይገባል። ለእኔ ትልቅነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ግግም ሳላነሳ አላልፍም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን ፈልፍሎ «ግግ ማውጣት» አገራችን ውስጥ የቆየ ነገር ነው። ያ ድድ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው ሊወጣ የደረሰ የክራንቻ ጥርስ ነው። ሲፈለፈል ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረቅዛል፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ዶክተር ይህን በእድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ያስረዱ ነበር፤ አያቶችን ሳይቆጡ፣ በእርጋታ። የተቅማጡን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ይሉ ነበር።

አሁን አቅም ያለው ሰው ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳል። ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያው ሕመሙን ይዞ ይቀመጣል። ባለፈው መስከረም የልጆቼን አፍ ያየ ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀምረናል። ልጆቻቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ወንበሩን፣ ኮምፕረሰሩንና መሣሪያዎቹን ለከተማው ሰጥተዋል። እድራችን ከአዳራሹ አንድ ክፍል ለቋል። እዚሁ ተወልዳ ያደገች አንዲት የጥርስ ሐኪም በቋሚነት ልትሠራ ተስማምታለች። የጎደለው የእናንተ እጅ ነው።

ከሁሉ በፊት የምንገዛው የእንፋሎት ማምከኛ ነው፤ የድሮው ክዳኑ አይገጥምም። አንዱ አፍ ውስጥ የገባ መሣሪያ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ሳይመክን ሌላው አፍ ውስጥ አይገባም። የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋል። ስለዚህ ማምከኛው ሳይገዛ በሩን አንከፍትም።

ከዚያ መብራት። ወንበሩም፣ መቦርቦሪያውም፣ ኮምፕረሰሩም ያለ ኤሌክትሪክ አይሠሩም። ዶክተር ሥራ መሀል መብራት ሲሄድባቸው ጥርሱን በዚያ በቅርንፉዱ ለጊዜው ደፍነው ይሸኙ ነበር። ጄኔሬተር ያስፈልገናል። ያገለገለም ቢሆን ደህና ከሆነ እንቀበላለን። ጓንት፣ ማደንዘዣና የመሙያ ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው።

ለመስከረሙ ዙር ለእያንዳንዱ የአንደኛ ክፍል ልጅ አንድ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና መስጠት እንፈልጋለን። መፋቂያ የለመደ ልጅ መፋቂያውን አይተውም፤ ይጨምርበት ነው የምንለው።

ከ100 ብር ጀምሮ ማንኛውንም መጠን እንቀበላለን። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ ይምጣ። ክፍሉ ቀለም ይቀባል፣ የውኃ መስመር ይገባለታል፤ ለሚመጣው ቅዳሜ ደቦ ጠርተናል። የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሙያ ያላችሁ እንዳትቀሩ። ውጭ አገርና አዲስ አበባ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ቁጥሩን እዚህ ባሉ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ከእድሩ ጸሐፊ ውሰዱ። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ በር ላይ ይቀመጣሉ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።