ልጅ የሌለው ደን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ጋዜጣችሁ ስለ ችግኝ ተከላ ይጽፋል። የደን ሥራ እንጀራዬ ስለነበር ዘገባዎቹን አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ የየዓመቱ ወሬ ቁጥር ሆኗል። ስንት ተተከለ ይባላል። ጠንከር ያለ ጋዜጠኛ ከተገኘ ደግሞ ስንቱ ጸደቀ ብሎ ይጠይቃል። ደኑ ውስጥ የስንት የስንት ዓመት ዛፍ አለ ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አላነበብኩም።

ተከላውን ለመንቀፍ እንዳልተነሣሁ ይታወቅልኝ። እኔም በየሐምሌው ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ችግሬ በአንድ ቀን የተተከለ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ማርጀቱ ነው።

ከራሴ አገር ልጀምር። የተወለድኩት ደቡብ ጎንደር ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚነግራችሁ፣ ማሳና ግጦሽ በሆነው ሜዳ ላይ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዝግባው፣ ጥዱና ወይራው የቀሩት እዚያ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለንግሥ በዓል ሄጄ፣ ሕዝቡ ታቦቱን ሲያጅብ እኔ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ዛፎቹን እያየሁ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ዝግባ አለ። ሽማግሌ ወይራ አለ። ከሥራቸው ደግሞ ክረምቱ ያበቀላቸው፣ ከስንዝር የማይበልጡ ወፍ ዘራሾች አሉ። በሁለቱ መካከል ግን ምንም የለም። ክንድ የሚያህል የለም፣ ጭን የሚያህል የለም። አያትና የልጅ ልጅ ያለበት፣ አባትና እናት የሌለበት ቤት ነው። የልጅ ልጆቹም ቢሆኑ ጥር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ከብት ለጥላ ሲገባ ተረግጠውና ተግጠው ያልቃሉ። በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች ይበቅላሉ፣ እነርሱም ያልቃሉ።

የደብሩን አዛውንት ቄስ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ይህ ዝግባ ቢወድቅ የሚተካው የትኛው ነው?»

እኔ ስልሳውን አልፌያለሁ፤ እሳቸው ግን አሁንም ልጄ ነው የሚሉኝ። «ልጄ፣ እኔ ዲያቆን ሳለሁም ይህ ዝግባ ይህንኑ ያህል ነበር» አሉኝ። መልስ መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ሰው ጫካውን የሚያየው በትልልቆቹ ነውና፣ ትልልቆቹ እስከቆሙ ድረስ ምንም የጎደለ አይመስለውም። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለዓመታት የሠሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ክፍተት በጥናት አሳይተዋል፤ ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ ማጠርን ያበረታቱትም ለዚህ ነው።

በተፈጥሮ ደን ውስጥ ዛፎች በውፍረታቸው ተለይተው ሲቆጠሩ ቀጫጭኖቹ እጅግ ብዙ፣ መካከለኞቹ ያነሱ፣ ግዙፎቹ ጥቂት ሆነው ይገኛሉ። ደ ሊዮኩር የተባለው ፈረንሳዊ የደን ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ይህን በቁጥር ካሳየ ወዲህ የደን ተማሪ ሁሉ ይማረዋል፤ እኔም ተምሬዋለሁ። ቀጫጭኖቹ በግራ፣ ግዙፎቹ በቀኝ ሆነው ሲሣሉ፣ ሥዕሉ ከግራ ከፍ ብሎ ጀምሮ ወደ ቀኝ እየሳሳ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። የእኛን ደብር ደን ቆጥራችሁ ብትሥሉት መካከሉ ገደል ይሆንባችኋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ደን ትንሽ ነው፣ ለአገር አይተርፍም የሚል ካለ ወደ መተማና ወደ ቋራ ይውረድ። የዕጣን ዛፍ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው፣ እንዲያውም የባሰ። በ2011 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፣ ከተጠኑት የዕጣን ዛፍ ደኖች በሦስት አራተኛው ውስጥ ወጣት ዛፍ አልተገኘም። ለአሥርታት አዲስ የተተካ የለም ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ አጥኚዎቹ ገምተዋል። እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ዕረፍት የሌለው ማድማት፣ ማለትም ዕጣን እንዲወጣ ግንዱን መብጣት፣ ተባብረው ነው እዚህ ያደረሱት። የሚገርመው ግን ዕጣን አድሚው በየዓመቱ ወደ ዛፉ መሄዱና በየዓመቱም ዕጣን ማግኘቱ ነው። ዕጣን እስከተገኘ ድረስ ደኑ አለ ይባላል። ያረጀች ላም እስከታለበች ድረስ ጥጃ አለመውለዷን የማይጠይቅ ገበሬ ግን የለም።

ቡናውም ከዚህ አያመልጥም። በከፋና በሐረና የጫካ ቡና አምራቹ ለቡናው ብርሃን ለመስጠት በየዓመቱ ከሥር ይመነጥራል። ቡቃያ ሲጨፈጭፍ የነገውን የጥላ ዛፍ አብሮ ይቆርጣል። ላይ ያለው ጥላ ግን ስለሚያምር ማንም ልብ አይለውም። አደራችሁን፣ በቡና ጫካ ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ ስታወጡ ቀና ብላችሁ ብቻ አትዩ፤ ወደ ታችም ተመልከቱ።

አሁን ወደ ተተከለው ደን ልምጣ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ የሄደ ሰው የገበሬውን ብልሃት ያደንቃል። ምርት የነሣውን መሬት ዲከረንስ በሚሉት ግራር ሸፍኖታል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ከሰል ያከስልና እንደገና ያርሳል። ብዙ ቤት በዚህ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ብዙ ልጅ ተምሯል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ገባበትና ማሳውን ተራ በተራ አደረቀው። እውነቱን ለመናገር የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ዛፎች መቀላቀል ብቻውን ይህን በሽታ አይመልሰውም፤ ዝርያው አንድ ነበርና። ቢሆንም በማሳው ውስጥ ከዲከረንሱ ጋር ሌላ ነገር፣ በሌላ ዕድሜ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ባዶ እጁን አይቀርም ነበር።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ባሕር ዛፍን መርገም ይወዳሉ። እኔ አልረግምም። እንዲያውም ዕድሜው የተቀላቀለ ደን ምን እንደሚመስል ካስተማሩኝ አንዱ የአጎቴ የባሕር ዛፍ ጓሮ ነው። አጎቴ ጓሮውን ሙልጭ አድርጎ ቆርጦ አያውቅም። ቤት የሚሠራ ሰው ሲመጣ ለቋሚ የደረሰውን ይሰጠዋል፤ ለማገር የሚሆን ቀጭን ሲፈለግ ከተጣበቀበት ያሳሳል፤ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ሁለት ሦስቱን ትቶ ሌላውን ለማገዶ ያወርዳል። በአንዲት ጥማድ በማትሞላ ቦታ ላይ ማገር፣ አጠናና ቋሚ በአንድነት ይታያሉ። ገንዘቡም እንዲሁ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሰበቡ ይመጣል፦ ለሠርግ፣ ለማዳበሪያ፣ ለትምህርት ቤት።

ስዊዘርላንዶች ይህንኑ በትልቅ ደን ላይ አደረጉት። ቢዮሌ የተባለ የደን ሹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ኩቬ በምትባል መንደር የዛፎቹን ግንድ እየለካ መዘገበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ለካና ደኑ በመካከሉ ምን ያህል እንዳደገ አወቀ። የሚቆረጠውም በዚያ ዕድገት ልክ ሆነ። መንደሩ እንጨቱን ይሸጣል፣ ጫካው ግን አንድም ቀን መሬቱ ተራቁቶ አልታየም። ይህን ለመሥራት ሜትር፣ ቀለምና መዝገብ ይበቃል። የሚከብደው ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ መዝገብ ከመደርደሪያ ማግኘት ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ላስጠንቅቅ። መርጦ መቁረጥ ማለት ምርጡን መቁረጥ ማለት አይደለም። በአገራችን መርጠን ቆረጥን ሲሉ የነበሩ ሰዎች ቀጥ ያለውን ዝግባና ቀረሮ እየለቀሙ ወስደው ጎባጣውንና በሽተኛውን ለዘር ትተውልናል። ትክክለኛው መራጭ እንደ ጥሩ እረኛ ነው፤ የታመመውን፣ የተጣመመውን፣ ለሌላው ጥላ ሆኖ የሚያቀጭጨውን አስቀድሞ ያወጣል። የደረሰውንም ሲያወጣ ወዴት እንደሚወድቅ አስቦ ነው፤ አንድ ግንድ በግድየለሽነት ሲወድቅና ሲጎተት ሃያ ቡቃያ ይጨፈልቃልና። የዛፉንም ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ዝግባ ከጥላ ሥር ታግሦ ያድጋል። ጥድ ግን ብርሃን ካላገኘ አይተካም፤ ስለዚህ ለጥድ ሰፋ ያለ ክፍተት መክፈት ያስፈልጋል። አትንኩት ብሎ መዝጋት ብቻውን ጥድን አያድነውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ክልከላ አያያዝ አይደለም፤ ሌባው በሌሊት ቆረጠ፣ ባለሙያው በቀን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

በሥራ ዘመኔ ዛሬም የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። የሠላሳ ዓመት ገደማ የፈረንጅ ጥድ ተክል ነበረን፤ ለሽያጭ ደርሶ ሙሉውን እንድንቆርጥ ታዘዝን። ከመቁረጣችን በፊት ውስጡን ስዞር፣ ከፈረንጅ ጥዱ ሥር ማንም ያልተከላቸው ዝግባዎችና ጥቁር እንጨቶች ደረቴ ድረስ ደርሰው አገኘሁ። ወፍና ጦጣ ከአጠገቡ የተፈጥሮ ደን ያመጡት ዘር ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የተደረጉ ጥናቶችም ሰው የተከለው ደን በጥላው ሥር አገር በቀል ዛፎችን ሊያሳድግ እንደሚችል አሳይተዋል። በሦስት ዙር፣ በየአምስት ዓመቱ እያሳሳን ብንቆርጥ ሽያጩም አይቀር፣ ከሥሩ የበቀለው ደንም ቦታውን ይረከብ ነበር ብዬ ለአለቃዬ ጻፍኩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል የሚል መልስ መጣ። ሁሉም በአንድ ወር ተቆረጠ፤ ደረት የደረሱት ዝግባዎች በግንድ ጉተታው አለቁ። በሐምሌ በዚያው ቦታ ላይ የፈረንጅ ጥድ ችግኝ ተከልን፤ በሪፖርቱም ላይ ይህን ያህል ሺህ ተብሎ ተመዘገበ።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ልመና ቀላል ነው። በመጪው ሐምሌ ጋዜጠኛችሁ ወደ ተከላ ቦታ ሲሄድ፣ ከዝግጅቱ በኋላ በ2011 እና በ2012 የተተከለውን ኮረብታ ይጎብኝ። እዚያ ያሉት ሁሉ አንድ ቁመት ከሆኑ ኃላፊውን ይጠይቅልን፦ የደረቁት ቦታ በየዓመቱ በአዲስ ይተካል ወይስ እንዲሁ ክፍት ቀረ? ከሥራቸው የበቀለውን ወፍ ዘራሽ ማን ይጠብቀዋል? ለሽያጭ ሲደርሱስ ሁሉም በአንድ ዓመት ሊቆረጡ ነው? የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን ማኅበረሰብና ማኅበራት ጭምር ባለቤት ሆነው እንዲይዙት ፈቅዷል። እነዚህ ማኅበራት የአያያዝ ዕቅድ ሲያዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ የውፍረት ደረጃ ስንት ዛፍ እንዳላቸው የሚያሳይ አንዲት ሠንጠረዥ ይኑራቸው። እናንተም ሠንጠረዧን አትሙልን። ከተከላው ቁጥር አጠገብ ብትወጣ ቦታ አትፈጅም።

የደብራችንን ነገር ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከዚያ ንግሥ በኋላ ምእመኑ ከየማሳው የለቀመውን ድንጋይ እየተሸከመ ደኑን ዙሪያውን ካበው፤ ማሳው ጸዳ፣ ከብቱም ውጭ ቀረ። ባለፈው ነሐሴ ስሄድ አዛውንቱ ቄስ እጄን ይዘው ከዚያ ዝግባ ሥር ወሰዱኝ። አምና የበቀሉት በጋውን አልፈው ጉልበት ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ የዘንድሮዎቹ ከሥራቸው ገና ሁለት ቅጠል ናቸው። መቁጠር ጀምሬ አርባ ሰባት ላይ ስደርስ ዝናቡ መጣና ወደ ደጀ ሰላሙ ሮጥን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የደን ባለሙያ
ከባሕር ዳር