ዛጎሉን የሚወለውለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ጥልቅ ባሕር ቀንድ አውጣዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም ዛጎልን እንስሳው አንዴ ሠርቶ ዕድሜ ልኩን እንደሚሸከመው ቤት ብቻ ማቅረባችሁ፣ የባዮሎጂ መምህር እንደመሆኔ፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ባሕር ውስጥ ጠንካራ ነገር ሁሉ ሰፋሪ አያጣም። በድንጋዩም ሆነ በቀንድ አውጣው ጀርባ ላይ አልጌ፣ ስፖንጅና ትላትል ይሰፍራሉ፤ ከእነዚህም ዛጎሉን እየቦረቦሩ የሚያሳሱት አሉ። በአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻና በሜዲትራንያን የሚኖረው፣ ብዙ ዘመዶቹ በጥልቅ ውኃ የሚገኙት ካሊዮስቶማ ዚዚፊነም የተባለው ቀንድ አውጣ ግን ይህን በቸልታ አያልፍም። እንደ ጎጆ ክዳን ሾጣጣ የሆነው ዛጎሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንስሳው እግሩን ከሥሩ አውጥቶ እየሳበና እየዘረጋ፣ ልክ በእርጥብ ጨርቅ እንደሚወለውል ሰው፣ ላዩን ይጠርገዋል። ይህ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ተገልጿል። የጠረገውንም አይጥለውም፤ ይበላዋል። (ቤት ጠርጎ ጥራጊውን ምሳ ማድረግ ይሏል ይህ ነው።)

በጽሑፋችሁ የጦር ጥሩር እንደለበሰ የተገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሕንድ ውቅያኖስ ከ2,400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ከባሕሩ ወለል ከሚፈልቅ ፍል ውኃ አጠገብ የተገኘው ቀንድ አውጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛጎሉና የእግሩ ቅርፊቶች በብረት ሰልፋይድ (የብረትና የሰልፈር ውሕድ) የተሸፈኑ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያው ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሶሊቴር በተባለው፣ ውኃው ብረት በሚያንሰው ስፍራ የሚኖሩት የዚያው ዝርያ እንስሳት ይህ ሽፋን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናትም በቅርፊቶቹ በኩል የሚወጣው ሰልፈር ከውኃው ብረት ጋር እየተዋሐደ ሽፋኑን እንደሚሠራ አሳይቷል። ስለዚህ ጥሩር ከማለት ይልቅ የተጠራቀመ ዝቃጭ ማለቱ ሳይቀርብ አይቀርም።

እንስሳው ዛጎሉን እንደሚንከባከብ ለአንባቢ ምሳሌ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም። እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አገልግል ዙሪያ የተሰፉት ዛጎሎች ቆዳው ተሰነጣጥቆ እንኳ ዛሬም ያብለጨልጫሉ፤ ቫርኒሽ የቀባቸው የለም። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከግራና ከቀኝ ስስ ሥጋውን አውጥቶ ዛጎሉን ስለሚያለብሰው ሰፋሪ አይደርስበትም፤ ያው ሥጋም በላዩ ላይ አዲስ ድርብ እየጨመረ ያለሰልሰዋል።

በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ ጥሩሩ የተጻፈው እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የባዮሎጂ መምህር