ቁርስ የሚሠራው ማታ ነው

ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ባለፈው በስልክ የየአገሩን ሰው ቁርስ አሠራር ከነመጠኑ ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር። በአፍ ሲነገር መጠኑ ስለሚጠፋ ይኸው በደብዳቤ አደረግሁት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። ገበታው ከአገር አገር ይለያያል እንጂ አብዛኛው ቁርስ የሚሠራው ማታ ነው። ይዘፈዘፋል፣ ይቦካል፣ ወይም ከራት ተርፎ ያድራል፤ ለጠዋት የሚቀረው ማሞቅና ማቅረብ ነው። ቁርሱ የተበላሸበት ሰው ጥፋቱን ጠዋት ይፈልጋል፤ ያጠፋው ግን ማታ ነው።

በግብፁ ፉል ልጀምር። ካይሮ ውስጥ ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት ጋሪ ዳር ቆሞ የሚበላው ይህንን ነው። ትንንሹን ደረቅ ባቄላ ምረጪ፤ የትልልቁ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ አፍ ውስጥ ይቀራል። 500 ግራም ለቅመሽ እጠቢና 12 ሰዓት ዘፍዝፊው። ስለሚያብጥ ዕቃው ሰፊ፣ ውኃውም ብዙ ይሁን። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍተሽ በአዲስ ውኃ ጣጂው፤ ውኃው ከባቄላው በላይ አራት ጣት ይለፍ። አንድ እፍኝ ቀይ ምስር ክክ ጨምሪበት፣ ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል። አንዴ ገንፈል ካለ በኋላ እሳቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገሽ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይንተክተክ። ግብፆች ለዚህ ሥራ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ ጠባብ የሆነች ቅድራ የምትባል ዕቃ አላቸው። አንገቷ የጠበበው እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ብትጣድም ውኃዋ ቶሎ አያልቅም። ያንቺ ድስት አፉ ሰፊ ከሆነ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ሲጎድልም የፈላ ውኃ መልሺበት።

ፉል አልበስል የሚለው በአብዛኛው በሎሚና በቲማቲም ምክንያት ነው። ኮምጣጣ ነገር ባቄላው ሳይለሰልስ ከገባ ቆዳው እንዳይፈታ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብታፈይው ዋጋ የለውም። ኖራ የበዛበት ውኃም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። እንዲህ ዓይነት ውኃ ካጋጠመሽ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ባቄላውም ይላሽቃል። ሲበስል ግማሹን ብቻ በጭልፋ ጀርባ ጨፍልቂው፤ ከሙኑን፣ ጨውን፣ ሎሚውንና ዘይቱን ሳህን ላይ ጨምሪ። ደግሞ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም፦ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ፉል የበላ ልጅ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

አሁን ወደ ሕንድ። በደቡቡ፣ በተለይ በታሚል ናዱና በካርናታካ፣ ቁርሱ ኢድሊ ነው፤ ከቦካ ሊጥ በእንፋሎት የሚሠራ፣ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሩዝ ዳቦ በይው። እኔ ከሁሉም ቁርስ የማደንቀው ይህን ነው፤ እርሾ እንኳ አይገባበትም። ሦስት ኩባያ ሩዝ (ከነገለባው ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተፈተገው ይሻላል)፣ አንድ ኩባያ ኡራድ የሚባለው የማሾ ዘመድ ክክ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ። ሩዙን ለብቻው፣ ክኩን ከአብሹ ጋር ለብቻው አምስት ሰዓት ያህል ዘፍዝፊ። መጀመሪያ ክኩን ፍጪ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ፣ ነጭ አረፋ መስሎ እስኪነፋ ድረስ። መፍጫው ከጋለ አረፍ አድርጊው። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣይ፤ ከተንሳፈፈ አየር ይዟል፣ ከሰጠመ ገና ነው። ሩዙ ግን ልም እንዳይል፤ እንደ ደቃቅ ሰሞሊና ሻከር ይበል። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ ሁለቱን በእጅሽ ደባልቂ።

ሊጡ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያድራል፤ የሚወደው ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሚያቦካው ከእህሉ ጋር የመጣ ባክቴሪያ ነው፤ በተለይ ሊዩኮኖስቶክ የሚባለው ጋዝ ያወጣና ኩፍ ያደርገዋል። ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙይ፣ ገንፍሎ ታገኚዋለሽ። በቀዝቃዛ ወቅት መብራቱ ብቻ የበራ ኦቨን ውስጥ ይቀመጥ። ጠዋት ሲነሱ ሊጡን መምታት የብዙ ሰው ጥፋት ነው፤ ሌሊቱን የተሠራው አየር በአንድ ደቂቃ ይወጣል። ከላይ በቀስታ እየጨለፍሽ ዘይት በተቀባ ቅርጽ ውስጥ አድርጊና አስቀድሞ በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አብስዪው። ሦስት ደቂቃ ሳያርፍ ካወጣሽው ይቀደዳል። ጠፍጣፋና ድንጋይ ከሆነ ወይ ክኩ በደንብ አልተፈጨም ወይ ሊጡ በርዶት አልቦካም፤ ኮምጥጦ ከሟሸሸ ቆይቶበታል፤ ወደ ጎን ከተዘረጋ ውኃው በዝቷል። የተረፈው ሊጥ ፍሪጅ ገብቶ በማግስቱ በውኃ ይቀጥንና ምጣድ ላይ ዶሳ ይሆናል።

የጃፓኑ ቁርስ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በጨው የተቀመመ አትክልትና ሚሶ ሾርባ ነው፤ ሚሶ ማለት ከአኩሪ አተር ቦክቶ የሚሠራ ጨዋማ ሊጥ ነው። ሩዙ ማታ ታጥቦ የሩዝ ማብሰያው ሰዓት ይሞላለታል። ምስጢሩ ያለው ሾርባው ውስጥ ነው። 10 ግራም ኮምቡ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር ተክል፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ላዩ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ቆሻሻ አይደለምና አትጠቢው፤ ጣዕሙ እሱ ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው ኬሚስት ግሉታሜት የተባለውን ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር አውጥቶ ጣዕሙን ኡማሚ ያለው ከዚሁ ተክል ነው። ጠዋት አሙቂውና ሊፈላ ትንንሽ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ኮምቡውን አውጪ፤ ከፈላ ያዝለገልጋል፣ ይመርራልም። 20 ግራም እንደ ሽርፍራፊ የተላገ ደረቅ የቦኒቶ ዓሣ ጨምረሽ እሳቱን አጥፊ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሳትጨምቂ አጥልይው። ሚሶው የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ለአንድ ሳህን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጭልፋ ውስጥ በጥብጠሽ። ከሚሶው በኋላ ካፈላሽው መዓዛው ይጠፋል።

በደቡብ ቻይና የሩዝ ገንፎ አለ፤ አንድ እጅ ሩዝ ለአሥር እጅ ውኃ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈላል። ጊዜ ከሌለሽ ሩዙን ማታ እጠቢ፣ አጥልዪና በረዶ ቤት አስገቢው። በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ ጠዋት ከነበረዶው የፈላ ውኃ ውስጥ ስትጨምሪው በ20 ደቂቃ አካባቢ ይፈርሳል።

ሜክሲኮዎች ያደረ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያቸውን፣ ቆራርጠው ይጠብሱና ሳልሳ በሚሉት የቃሪያ ስጎ ለውሰው ይበሉታል፤ ቺላኪሌስ ይባላል። ትኩሱ ቂጣ እርጥበት ስላለው ዘይት ጠጥቶ ይልሞሰሞሳል፤ ያደረው ግን ይንኮሻኮሻል። ሳልሳው የሚፈስበት ሊበላ አንድ ደቂቃ ሲቀር ነው። በቆሎው ራሱ ቂጣ ከመሆኑ በፊት አንድ ሌሊት አለው። አንድ ኪሎ በቆሎ 10 ግራም ያህል ለምግብ የሚሆን ኖራ (የግንብ ኖራ አይደለም፣ አደራ!) በገባበት ውኃ ይፈላና እዚያው ያድራል፤ ጠዋት ታጥቦ ቆዳው ይወልቅና ይፈጫል። ኖራው በበቆሎው ውስጥ ተቆልፎ ያለውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታል። በቆሎ ወደ ሰሜን ጣሊያንና ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሲሄድ ይህ ዘዴ አብሮት ስላልሄደ በበቆሎ ብቻ የኖረው ድሃ ፔላግራ በሚባለው የኒያሲን እጥረት በሽታ አለቀ።

ኮስታ ሪካ ውስጥ ጋዮ ፒንቶ የሚባለው ቁርስ እንዲሁ ያደረ ሩዝ ነው፤ ሁለት እጅ ሩዝ ለአንድ እጅ ጥቁር ቦሎቄ ከነመረቁ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ። ኒካራጓ ውስጥ ቦሎቄው ቀይ ይሆናል። የዛሬ ሩዝ ካደረግሽ ይጣበቃል እንጂ አይጠበስም። ሩዝ ማሳደር ግን ጠረጴዛ ላይ መተው አይደለም። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም፤ ለብ ባለ ሩዝ ላይ ይራባና የሚተወው መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢው።

ሙዝሊ ስለሚባለው የስዊዘርላንድ የአጃና የፍራፍሬ ቁርስ ደግሞ ብዙ ሰው ተሳስቷል። ዙሪክ ይኖር የነበረው ሐኪም ማክሲሚሊያን ቢርኸር-ቤነር ከ120 ዓመት ገደማ በፊት ለሕመምተኞቹ ሲያዘው ዋናው ነገር ፖም እንጂ አጃ አልነበረም። ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ አጃ በሦስት ማንኪያ ውኃ ያድራል፤ ጠዋት የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ የታሸገ ጣፋጭ ወተት፣ ከነልጣጩ የተፈቀፈቀ አንድ ትልቅ ፖምና አንድ ማንኪያ የተፈጨ ሃዘልነት ወይም አልሞንድ ይገባበታል። ፖሙን ሊበላ ሲል ብቻ ፈቅፍቂው፣ ወዲያው ይጠቁራል፤ ሎሚውም ለዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጡት ቱርኮች ናቸው። አይብ፣ ወይራ፣ ኪያር፣ ማር፣ እንቁላል ደርድረው እንደ ገበያ ያደርጉታል፤ ማታ የሚሠራ የለም ማለት ይቻላል። ሜነሜን የሚሉትን የቲማቲምና የእንቁላል ጥብስ ስትሠሪ የቲማቲሙ ውኃ ሳይመጥጥ እንቁላሉን አትጨምሪ፤ ይቆራረጥና ሾርባ ይሆንብሻል። ሻዩ በሁለት ድርብ ማንቆርቆሪያ ነው፦ ከታች ውኃ፣ ከላይ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት ቅጠል፣ በታችኛው እንፋሎት 15 ደቂቃ ያህል ይቆያል እንጂ አይፈላም።

መጀመሪያ ፉሉን ሞክሪ፤ ዕቃው ሁሉ እጅሽ ላይ አለ። ኢድሊውን ሙቀቱ እስኪበዛ አቆዪው። እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ካስቸገራት የቻይናውን ገንፎ አቅጥነሽ ሥሪላት፣ ጨውን አሳንሺ።

ወንድምሽ