የአቃቂን ፊልም የአቃቂ ሰው ይየው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአቃቂ ነው። ሰሞኑን በከተማችን ስለ ቅርስ ብዙ ይወራል። ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች። ደስ ይላል፣ ይወራ። ግን ከቃሊቲ ወዲህ ስላለው አገር የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ፋብሪካ ቅርስ አይመስለንም። ባቡር ጣቢያም እንደዚያው። ፋብሪካውንና ጣቢያውን የያዘ አሮጌ ፊልም ደግሞ ጭራሽ ትዝ አይለንም።

እኔ የማነሳው ስለ ፊልሙ ነው።

መጀመሪያ አቃቂን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው። አባ ሳሙኤል ግድብ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ሲሆን 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ለብዙ ዓመት ቆሞ ከርሞ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና ተቋቋመ። ኢንዶ-ኢትዮጵያ ነበር የሚባለው፤ ትልልቆቹ አሁንም እንደዚያ ነው የሚጠሩት። በ1967 ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ እሱም ተወረሰ። ከጉራጌ፣ ከወላይታ፣ ከሸዋ ገጠር የመጣ ወጣት እዚህ ፈረቃ ገብቶ፣ ደመወዝ በልቶ፣ እድር ገብቶ፣ ልጅ አስተምሮ አረጀ። እኛ የእነሱ ልጆች ነን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራ ነበር። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዜና የሚቀረጸው በፊልም ነበር፣ ካሴት ኋላ ነው የመጣው። በደርግ ጊዜ የፊልም ማዕከል፣ ቀጥሎም ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ተዘጋ። የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ይቀረጻል፣ ምስጉን ሠራተኛ ሲሸለም ይቀረጻል፣ አዲስ ማሽን ሲመረቅ ይቀረጻል። ባለሥልጣን ሲጎበኝማ የግድ ነው። አንዳንዱ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ካሜራው ባለሥልጣኑን ተከትሎ ሲዞር ከኋላ የቆመችውን ሠራተኛም ይዟል፣ ግድግዳውን ይዟል፣ የሠራተኛውን ጫማ ሳይቀር ይዟል።

ችግሩ ፊልም ስም አይናገርም።

ባለፈው ክረምት ከእድር ስብሰባ በኋላ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት አንድ የሰፈር ልጅ ከቴሌግራም ያወረደውን ቪዲዮ አሳየን። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከሥሩ የተጻፈው «አሮጌ የኢትዮጵያ ፋብሪካ» ብቻ ነው። ስልኩ እጅ ለእጅ ሲዞር ጋሼ ጋ ደረሰ። ጋሼ የሽመና ክፍል መካኒክ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ትንሽ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ አቁመው እስቲ» አሉ።

«ያውቁታል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ቤቴን አላውቅም?»

ከዚያ በጣታቸው ማሳየት ጀመሩ። ይሄ ምሰሶ ከኋላው የውኃ ቧንቧ ነበረው። ያ ቆሞ የሚያየው ሰውዬ ፎርማኑ ነው፣ ሲቆጣ ድምፁ ከማሽኑ በላይ ይሰማል። ሻሽ ያሰረችው ሴት የተበጠሰ ክር እየቋጠረች ነው። «እጇን እዩት» አሉ፤ «ሳታየው ነው የምትቋጥረው። በኛ ፈረቃ እንደሷ የሚቋጥር አልነበረም።» ስሟን ነገሩን፣ ማንን እንዳገባች ነገሩን፣ ጆሮዋ በማሽኑ ጩኸት እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ከንፈር እያየች ታወራ እንደነበር ነገሩን። ፀጉራቸው ላይ ነጭ ነጭ የሚታየው የጥጥ ብናኝ ነው፤ የማታ ፈረቃ ሲወጣ ሁሉም ሽበት ያወጣ ይመስል ነበር አሉ። እኛ ስናየው የፊልሙ እርጅና ነበር የመሰለን።

ልጁ ጎበዝ ነው፣ በሌላ ስልክ ቀዳቸው። የአንድ ደቂቃው ቪዲዮ የግማሽ ሰዓት ታሪክ ወጣው። አሁን ያ ቪዲዮ ቦታ አለው፣ ሰው አለው፣ ስም አለው። ጋሼ ባያዩት ኖሮ ለዘላለም «አሮጌ ፋብሪካ» ሆኖ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ጭንቀቴ ይሄ ነው። ፊልሙ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ሌላ 50 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጋሼና እኩዮቻቸው ግን ያን ያህል አይቆዩም። በየወሩ እድራችን ድንኳን ይተክላል፤ ከሚቀበሩት መካከል የድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፣ የምድር ባቡር ጡረተኞችም አሉ። ስለዚህ «መጀመሪያ በጀት ይገኝ፣ መሣሪያ ይገዛ፣ ከዚያ ለሕዝብ እናሳያለን» የሚለው ቅደም ተከተል ለኛ አይሆንም። ማሳየቱ ይቅደም። ጥራቱ የቀነሰ ቅጂም ቢሆን ይበቃል፤ ጋሼ የቋጠሮውን እጅ የለዩት መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር ተሠርቷል። ብላክበርን የምትባል የእንግሊዝ ከተማ አለች፣ እንደ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። እዚያ ሚቸልና ኬንየን የሚባሉ ሁለት ነጋዴዎች ከ100 ዓመት በፊት በየፋብሪካው በር ካሜራ ተክለው ሠራተኛው ሲወጣ ይቀርጹ ነበር። ከዚያ ሠራተኛው ራሱን ለማየት ትኬት ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከ800 በላይ ጥቅል ፊልም አንድ አሮጌ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ በብረት በርሜሎች ተቀምጦ ተገኘ። የብሪታኒያ ፊልም ተቋም አደሰው፣ ሕዝብ አየው። ግን እዚያ የተቀረጹት ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል አልፈው ነበር፤ ብዙውን ፊት የሚያውቅ ሰው አልቀረም። እኛ ጋ ገና አለ። በዚህ እኛ እንሻላለን፣ ከተጠቀምንበት።

ሲኒማ የሚባለው ነገር ራሱ ከፋብሪካ በር ነው የተነሳው። ሉሚዬር ወንድማማቾች ሊዮን ከተማ ውስጥ የራሳቸው ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ ቀርጸው ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳዩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1888 ነው። ዓድዋ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

አሁን የእኛን ያለፈ ዘመን ማየት የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ ውጭ ነው። የጣሊያኑ ሉቼ ተቋም በወረራው ዘመን የቀረጸውን በኢንተርኔት ታገኙታላችሁ፤ ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ገብቷል። የእንግሊዙ የዜና ፊልም ድርጅት ፓቴ እ.ኤ.አ. በ2014 85,000 ፊልም ዩቲዩብ ላይ ለቋል። ይመስገኑ፣ አስቀምጠውልናል። ነገር ግን የወራሪው ካሜራ ያየው መንገዱን፣ ድልድዩንና ሰንደቁን ነው። ድንጋይ የሚፈልጠው ሰውዬ የማን አባት እንደሆነ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። እሱን መጠየቅ የኛ ሥራ ነው።

የቅርስ አዋጃችን፣ የ1992ቱ ቁጥር 209፣ የሚንቀሳቀስ ቅርስ ብሎ ሲዘረዝር ከብራናውና ከሐውልቱ ጋር የሲኒማና የፎቶግራፍ ሰነድን፣ የድምፅና የቪዲዮ ቅጂንም ይጨምራል። ሕጉ አለ ማለት ነው።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲቀይር የቆዩ ካሴቶች በጆንያ ታስረው ከተሰባበረ ወንበር ጋር ወጡ። ጓደኛዬ እዚያ ይሠራ ነበር። «ይሄ የት ይሄዳል?» ብሎ ሲጠይቅ «ማጫወቻው ከተበላሸ ቆየ እኮ» አሉት። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። የማይጫወት ካሴት ለነሱ ቦታ የያዘ ፕላስቲክ ነው። ማጫወቻውም በእውነት እየጠፋ ነው፤ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ያመርት የነበረው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ዛሬ ደህና ማጫወቻ ያለው ሰው ንብረት አለው።

ጥቅል ፊልም ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ሣጥኑን ከፍታችሁ አቼቶ አቼቶ ከሸተታችሁ ፊልሙ እየሞተ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀትና በእርጥበት ሲበሰብስ ያንኑ የአቼቶ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱ መበስበሱን ያፋጥነዋል፣ ጎን ያለውንም ሣጥን ይይዘዋል። ከዚያ ይጨማደዳል፣ ይሸበሸባል፣ በማሽን አያልፍም። መድኃኒት የለውም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ቀን ይግላል፣ ክረምት ይረጥባል። ከዚያ የባሰ ቦታ የለም።

ሰው የማያስበው አንድ ሀብት ደግሞ አለ፤ የሠርግ ቪዲዮ። እውነቴን ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የተቀረጹትን የሠርግ ካሴቶች አውጥታችሁ እዩ። ብዙው የሠፈራችን ሠርግ የተደገሰው በፋብሪካው ሠራተኞች ክበብ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሙሽሮቹን ሲከተል አጥሩ ይታያል፣ በሩ ይታያል፣ ሰርቪስ አውቶቡሱ ይታያል። አንዱ ጎረቤታችን ካሴት ላይ ሚዜዎቹ የቆሙት የባቡር ሐዲድ አጠገብ ሲሆን ከኋላቸው የአሮጌው ባቡር ፉርጎዎች ቀስ እያሉ ያልፋሉ፤ ሙሽራዋ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች። ያ ባቡር ዛሬ የለም። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ነው የሚሄደው፣ የአሮጌው ሐዲድ በየቦታው በአፈርና በቤት ተውጧል። ማንም ታሪክ ልቅረጽ ብሎ አልቀረጸውም፣ ግን ተቀርጿል።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። ፊልምና ካሴት በእጃችሁ ያለ መሥሪያ ቤቶች፣ አቃቂ ወይም ቃሊቲ የሚል የተጻፈበትን ለይታችሁ ዝርዝሩን ብቻ እንኳ አውጡልን፤ ኦሪጅናሉን ስጡን አላልንም። ክፍለ ከተማው አዳራሽ አለው፣ ፕሮጀክተር አለው፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይፍቀድልን። ጡረተኞቹን እድሮቹ ይጠሯቸዋል፣ ለዚህ ደብዳቤም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊልም የሚማሩ ልጆች አሉ፤ አንድ ካሜራ ወደ ስክሪኑ፣ አንዱን ወደ ሽማግሌዎቹ አድርገው ይቅረጹ። ቡና እኛ እናፈላለን። የተቀረጸው አንድ ቅጂ ወመዘክር፣ ማለት ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ይግባ፣ አንድ ቅጂ እዚሁ አቃቂ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ልጆቻችን ለማየት መሐል ከተማ ድረስ ወረቀት ይዘው መሄድ የለባቸውም።

ቤታችሁ ካሴት ያላችሁ አንባቢዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት። ቴፑ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ካሴትን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡ፣ የፊልም ሪል ግን ተኝቶ ይቀመጥ። ሪል ከሆነ በፕሮጀክተር ልሞክረው አትበሉ፣ ከደረቀ ይበጣጠሳል። ማን እንዳለበት፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ የምታውቁትን በወረቀት ጽፋችሁ ከሣጥኑ ጋር እሰሩት። እናትና አባታችሁ ካሉ ዛሬ ጠይቋቸው።

ለእናንተም ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋዜጣችሁን የኛ ሠፈር ሽማግሌዎች ያነባሉ፤ አንዱ ገዝቶ አምስቱ ይቀባበሉታል። በየሳምንቱ ከአሮጌ ፊልም የተወሰደ አንድ ምስል፣ ፊቱ በደንብ እንዲለይ ሰፋ አድርጋችሁ፣ «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» ከሚል ጥያቄና ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር አትሙልን። የመጀመሪያውን ምስል እኛ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአቃቂ ነዋሪ